ሞራሌውን ከግድግዳው የምታርቅ ቪቴ

ጥቅምት 8 ቀን 1989

ሆሞሻ ዋልኩ። የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ሆዱ የተነፋ ነው... ከላይ ገባ፣ ከመሐል ወጣ ያለ። አፍርሶ መሥራት አይታሰብም። ክልሉ ራሱ ገና አዲስ ነው፣ መሐንዲስ ሆኜ የተመደብኩበት ቢሮ እንኳ ጣሪያው አላለቀም። ስለዚህ በእንጨት እናለብሰዋለን። ሞራሌው፣ ቋሚው እንጨት፣ ግድግዳው ላይ፤ ስስ ሳንቃው ኮምፔርሳቶ ሞራሌው ላይ። ግድግዳው በጎደጎደበት ቦታ ከሞራሌው ኋላ ሽብልቅ ይገባል። አናጢው ኻሚስ ሽብልቅ ሲጠርብ፣ እኔ ቀጥ ማለቱን የማይበትን ቱንቢ ይዤ ስቆም መሸ።

ስመለስ አሶሳ ቴሌ ጎራ አልኩ። የነቀምት መስመር የለም አሉኝ። ባሌ ጉዲና ሳልደውል ስቀር ይናደዳል? ወይስ ለምዶታል?

ዛሬ ከኻሚስ በቀር ያናገርኩት ሰው የለም። እኔ በኦሮምኛ አስቤ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ በበርታ አስቦ በአማርኛ ይመልስልኛል። መንገድ ላይ ስንት ነገር ይቀራል...

ኅዳር 6

ኮምፔርሳቶው ወደቀ።

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ሽብልቆቹ ደርቀው ላልተው ኖሯል። ምጥ ላይ ያለች ሴት አልጋው ላይ ነበረች። አዋላጇ ሰንበቴ በክንዷ ከልክላ አዳነቻት። የራሷ የእጅ አንጓ ግን ተሰበረ። ሴትየዋ ምጧን ይዛ ተነስታ ወጣች። ቤቷ ሄዳ ወለደች አሉ።

ኅዳር 15

ወደ ክፍሉ የሚገባ ጠፍቷል። ቤቱ ይወድቃል ተብሎ ተወርቷል።

ትናንት አንዲት ሴት ቤቷ ስታምጥ ቆይታ ሲብስባት አመጧት። ረፍዷል። ሕፃኑ አልተረፈም።

ሰንበቴ እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቆምኩ።

"ግድግዳው አይደለም የገደለው" አለችኝ። "ግን ግድግዳው ቢቆም ኖሮ ትመጣ ነበር።"

በመኪና ስንመለስ የደረቀውን ሽብልቅ በእጄ ሳገላብጥ መጣሁ።

ኅዳር 22

እሑድ። ቸርች አልሄድኩም። ከሰው መሐል ተቀምጦ ብቻ መሆን ቤት ከመዋል ይብሳል።

ንድፍ ስስል ዋልኩ። ሽብልቅ ምን ያደርጋል? ሞራሌውን ከግድግዳው ያርቃል፣ በቃ። ታዲያ ያንን ሞራሌውን የምታስረው ባለ ጥርስ ሚስማር፣ ቪቴዋ ራሷ ለምን አትሠራውም? ግድግዳው በጎደጎደበት ረጅም ክፍተት፣ ባበጠበት አጭር... እንደተፈለገው የምትረዝምና የምታጥር። ግን ተራ ቪቴ ስትጠብቅ ሞራሌውን ጎትታ ከግድግዳው ታጣብቀዋለች። መሐል ላይ ቁም ቢሏት አትቆምም። እንዴት ትቁም?

ኅዳር 25

የመጀመሪያው ሙከራ። ረጅም ብሎን ግድግዳው ውስጥ፣ ሁለት ዳዶ ሞራሌውን ከፊትና ከኋላ ይዘውት። ወረቀቱ ላይ ያምራል።

ኻሚስ ጣቱን ከሞራሌው ኋላ ለማስገባት ታገለ። የብሎን መፍቻ ሞከረ። ከዚያ እጁን አወጣና ተቀመጠ።

"ሙሃንዲስ፣ ይሄ እጅ አይገባም። ግድግዳና እንጨት መሐል ማን ነው የሚኖር?"

ልክ ነው። የኋላውን ዳዶ የሚደርስበት የለም። ከፊት ብቻ፣ በካቻቪቴ ብቻ መስተካከል አለበት።

ታኅሣሥ 5

ጉዲናን በስልክ አገኘሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር፣ ጎረቤት ያለ ይመስላል።

"ዝውውርሽን ጨርሼልሻለሁ። ለጥር መጀመሪያ ነቀምት ሪፖርት ታደርጊያለሽ።"

"ክፍሉ አላለቀም እኮ።"

"ሌላ ሰው ይጨርሰው።"

"ቪቴዋ ገና..."

"ምን አልሽ? ቪቴ?" ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ "እማዬ ዛሬም ጠየቀችኝ" አለ።

ምን ብላ እንደጠየቀች አልነገረኝም። ከተጋባን ጀምሮ የምትጠይቀው ያንኑ ነው፣ ልጅስ? አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ሐኪሙ ምንም የለባችሁም ብሎናል። ምንም የለባችሁም... ታዲያ ለምን?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እዚህ ማን አለኝ? ለምንድን ነው ደስ ያላለኝ?

ታኅሣሥ 13

ሁለተኛው ሙከራ። ከቪቴዋ ጭንቅላት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀለበት አስበየድን። ሞራሌው በጭንቅላቷና በቀለበቷ መሐል ታስሮ እንዲቀመጥ፣ ቪቴዋ ስትወጣ አብሮ እንዲወጣ፣ ስትገባ አብሮ እንዲገባ። ግን የተበየደ ቀለበት በሞራሌው ቀዳዳ አያልፍም። ቀዳዳውን ሰፋ ስናደርገው ደግሞ እንጨቱ ተንቀዋለለ። ስናጠብቃት ብየዳው ካጋላት ቦታ ላይ ተሰበረች።

ኻሚስ ስባሪውን አነሳና አየው። "ወላሂ፣ እሱ ሐሳብ ጥሩ ነው። እሳት ነው ያበላሸ።"

ታኅሣሥ 22

እሳት ነው ያበላሸ። ካልተበየደስ? ቪቴዋ መጀመሪያ በሞራሌው ትለፍ። ቀለበቷ ከኋላ፣ ከጥርሱ በኩል ትግባ። ከዚያ በቀጭን ሚስማር ትቆለፍ። ሞራሌው ግድግዳው ላይ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው!

ምሳዬን ሳልበላ ብረት ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለ ቶርኖው ሙሉጌታ ድሮ ወታደር የነበረ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥዕሉን አየ፣ "ሐሙስ" አለ። እኔም ዝምታ ስለለመድኩ ተግባባን።

ጥር 1

ዛሬ ነቀምት መገኘት ነበረብኝ።

ሆሞሻ ነኝ። ኻሚስ ካቻቪቴውን ሰጠኝ። "አንተ ሞክር፣ ያንተ ነው።" ወንድና ሴት አይለይም አማርኛው፣ እኔም አርሜው አላውቅም። አዞርኩ። ሞራሌው ከግድግዳው ቀስ ብሎ ራቀ። መልሼ አዞርኩ፣ ተጠጋ። እጄን ሳነሳ ባለበት ቆመ። ኻሚስ ሁለት እጁን ጭኖ ተንጠለጠለበት። ምንም።

"ኸላስ" አለ። አለቀ፣ ሆነ ማለቱ ነው። ሄዶ ውሃ አመጣልኝ።

ለማን ልንገር? ጉዲና አሁን መናኸሪያ ቆሞ ይሆን? እንደማልመጣ ለቴሌዋ ልጅ መልእክት ትቼ ነበር። ደርሶት ይሆን? ራሴ ልነግረው ይገባ ነበር።

ጥር 24

ክፍሉ አለቀ። ቱንቢው ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን ሳይለቅ፣ ሳይገፋው ወረደ። ሰንበቴ ኮምፔርሳቶውን በደህና እጇ ደበደበችው። የሚመጣ ግን የለም። እሷ በየቤቱ እየሄደች ትለምናለች።

የነቀምቱ ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጉዲና ቴሌ ቀጠሮ ይዞ አልመጣም።

መጋቢት 3

ኡምኩልሱም የምትባል ሴት መጣች። ለምን እንደመጣች አላውቅም። ሰንበቴ ስንት ጊዜ ለምናት ይሆናል... እኔ የበሩን መቃን ሳስተካክል ነበር።

"ቀነኒ፣ ነይ ያዥልኝ" አለች ሰንበቴ። "እጄ ገና አልጠናም።"

ማዋለጃ ሰርቼ ሲወለድ አይቼ አላውቅም። ገባሁ። ኡምኩልሱም ክንዴን ያዘች። አንድ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋች። ደግማ ገፋች። ዓይኔ ሞራሌው ያለበት ቦታ ላይ ነበር። አልተነቃነቀም። በበርታ የሆነ ነገር አለችኝ፣ አልገባኝም፣ እሺ አልኳት።

ሴት ልጅ። ሰንበቴ እናትየዋን እስክታይ ድረስ እኔ አቀፍኳት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ቴሌ። የጉዲና መስመር ወዲያው ተገኘ።

"ልጅ ተወለደች" አልኩት።

"የማን?"

"ኡምኩልሱም የምትባል ሴት።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"እዚያው ልትቀሪ ነው አይደል?"

"አዎ።"

ለራሴም እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር።

"እሺ ቀነኒ" አለ። ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፣ የደከመ ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። እሱ ይዝጋው፣ ወይ ራሱ ይቋረጥ አላውቅም...

ቤቴ ገባሁ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም። የሕፃኗ ሽታ ሹራቤ ላይ ቀርቷል። ሳልቀይር ቁጭ አልኩ።