ዝምተኛው ሃስኬልና የወንዛችን ክትር

ማርች 4
ዛሬም ዝናብ። ፀጉር ቤቴ ሁለት ሰው ብቻ መጣ። የሚሲሲፒ ወንዝ ከትናንት ከፍ ብሏል... ውሃውን በኛ ዳር የሚያግደው ክትር ያው አሮጌ የአፈር ቁልል። ባለፈው ጎርፍ ምድር ቤታችን እስከ ደረጃው ሞልቶ ነበር። አንድ ጎርፍ ከደገመን ቤቱን ጥለን መሄዳችን ነው።
ተወካያችን ሃስኬል የት ነው ያለው? ስንቴ መርጠን ኮንግረስ ላክነው፣ አንድ ቀን ሲናገር አላየሁትም። በምርጫ ሰሞን የአሳ ጥብሳችንን ሲበላ ግን አፉ ደህና ይሠራል።

ማርች 9
ታናሽ እህቴ ቨርና ደወለች። የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ኢሊኖይ ነው። ሌላ ስቴት፣ ሌላ ተወካይ።
«እትዬ፣ ቴሌቪዥን ክፈቺ! የኛው ተወካይ ፕሩዊት ስለ ወንዙ እየተናገረ ነው!»
ከፈትኩ። ጠረጴዛ ይደበድባል። «መራጮቼ ሲሰጥሙ ዝም አልልም!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቀናሁ።
«የናንተውስ?» አለችኝ ሳቋን እየዋጠች።
«የኛው ድምፁን ይቆጥባል።»

ማርች 30
ስለ ክትሩ ሃስኬልን ልለምን ብዬ ዋሽንግተን ነን። ባሌ ክላይድ «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» ሲል ከርሞ ተከተለኝ።
ሃስኬል ቢሮው የለም። «ኮሚቴ ላይ ናቸው» ብላ ጸሐፊዋ የምክር ቤቱን አዳራሽ ሰገነት መግቢያ ካርድ ሰጠችን። አዎ፣ ኮሚቴ... የት ተደብቆ ይሆን?
ከሰገነቱ ቁልቁል ስናይ ፕሩዊት! ያው ጩኸት፣ ያው ድብደባ። አዳራሹ ግን ባዶ። ከሰብሳቢውና ከጥቂት ሠራተኞች በቀር የሚሰማው ወንበሩ ነው። በቴሌቪዥን ያየሁት ፊቱን ብቻ ነበር።
«ለማን ነው የሚያለቅሰው?» አልኩ።
«ለቨርና» አለ ክላይድ።
ኮሚቴውን ፈልገን አገኘነው። ጠባብ ክፍል፣ ወረቀት ላይ ያቀረቀሩ ሰዎች። ሃስኬል በለሆሳስ ያወራል። ሲወጣ መንገድ ዘጋሁበት።
«ጌታዬ፣ የኛስ ክትር? ከፍ ካላለ አለቀልን!»
«የሕግ ረቂቁ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ እመቤቴ። እዚህ ያልገባ ነገር አዳራሽ ቢጮኹለት አይገባም።»
«የማዶዎቹስ?»
«የነሱ ተወካይ ይሄ ኮሚቴ ውስጥ የሉም።» ሰዓቱን አየ። «እኔ የናንተ ተወካይ ነኝ።»
ደስ አለኝ። ግን ለምን ፊቴን አላየኝም?

ጁን 12
ረቂቁ አለፈ። ክትራችን ከፍ ሊል ነው! የማዶው እንዳለ ይቀራል።
ፕሩዊትም ደግፎ ድምፅ ሰጠ ተባለ። እሱ ደግሞ ለምን?
«ለሱም አካባቢ አንድ የመኪና መንገድ ረቂቁ ውስጥ ጣል አድርገውለት ይሆናላ» አለ ክላይድ። ጀልባ ላይ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፣ ወንዙን ያውቀዋል። ቆይቶ ጠየቀኝ፦ «በኛ በኩል ከፍ ሲል፣ ውሃው የት ይሄዳል?»
ዓይኔ ወደ ማዶው ሄደ።

ጁን 13
ቨርና ደወለች። አላነሳሁም።

ሜይ 19፣ ከሁለት ዓመት በኋላ
ጎርፉ መጣ፣ ክትራችን ያዘ። ምድር ቤታችን ደረቅ ነው... ጠብታ የለም።
ቨርናን በጀልባ አወጧት። ቤቷ ጣሪያው ብቻ ይታያል አሉ። ሶፋዬ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቴሌቪዥን ታያለች። ፕሩዊት ጠረጴዛ ይደበድባል።
«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ክላይድ ቀስ ብሎ። በዓይኔ ዝም አሰኘሁት።
«አየሽ እትዬ» አለችኝ፣ «እሱ እንኳ አልረሳንም።»
ሾርባ አቀረብኩላት። አዳራሹ ባዶ መሆኑን አልነገርኳትም። ዋሽንግተን ሄጄ ማንን እንደለመንኩም አልነገርኳትም።
«የናንተውስ? ምን አለ?»
«ምንም አላለም።»
ውሸት አይደለም... ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ።