ጊታር ይዞ ሽምግልና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የጊታሩን ክር ቀየርኩ። ለምን? እንጃ። ቅዳሜ ስለሆነ እጄ ለምዶበት ነው። ሆቴሉ የባንዳችንን ቅዳሜ ማታ ለዲጄ ከሰጠው ሁለተኛ ወሩ... ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አነጋገሩ! «ጋሼ፣ የእናንተ ሰዎች እኮ አሁን አይመጡም።» እውነቱን ነው፣ አይመጡም። ግን የት ሄዱ? አዳማ ውስጥ ሮክ የምንጫወት እኛ ብቻ በነበርን ጊዜ በር ገፍተው የሚገቡት ሁሉ የት ገቡ?

ከሰዓት ጢሜን ቀለም ቀባሁ። ዘርፉ አይታኝ «ማንን ልታታልል ነው?» አለች። ሚስት አይደለችም፣ መርማሪ ናት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተሻለች ደወለች! የመቂዋ። ድሮ በሽንኩርት መኪና ተጭና እየመጣች መድረኩ ሥር የምትጮኸው... ዛሬ ራሷ የሽንኩርት ደላላ ናት፣ በቀን ስንት አይሱዙ ታስጭናለች። «ልጄን ልድር ነው። አንተ ከሌለህ አይሆንም። እሁድ ናልኝ፣ ደህና ልብስ ልበስ» ብላ ዘጋችው።

ሠርግ! ወዲያው ለድራመራችን ለመርጋ ደወልኩ። ድራሙን ጓዳ ከቶ ጤፍ ጭኖበታል። «አውርደው» አልኩት። «ማን ጠርቶን?» «ሰዎቻችን!»

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እንቅልፍ የለም። አሥር ዘፈን መረጥኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና መረጥኩ። ልምምድ ላይ መርጋ ወገቤን አለ። እኔም ጉልበቴን አላልኩም እንጂ...

እሁድ፣ ኅዳር 15

አፈር ልብላ።

የቆዳ ጃኬቴን ለብሼ፣ ጊታሬን ተሸክሜ መቂ ገባሁ። ተሻለች ሳሎን ሁለት ሽማግሎች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጊታሩን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ተሻለች ደረቷን መታች። «ውይ ጆቴ! ልትዘፍን መሰለህ? እኔ እኮ ሽማግሌ ሆነህ ለልጄ ልጅቷን ከአባቷ እንድትጠይቅልኝ ነው።»

ሽማግሌ። እኔ!

«ለመሆኑ ልጅሽ ምን ይሠራል?» አልኩ። መሬት መሬት እያየች «ዲጄ ነው» አለች። «ሚኪያስ... እናንተ ትሠሩበት የነበረው ሆቴል።»

ዲጄ ሚኪ! ቅዳሜዬን የወሰደው!

«አውቃለሁ» አለች፣ «አውቄ ነው የጠራሁህ። አባትየው ሙዚቃ ደግሞ ሥራ ነው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶናል። ለዚህ ከአንተ ሌላ ማን መልስ አለው?»

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ጊታሩ እስከ አዳማ ጭኔ ላይ ነበር። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ለዘርፉ ነገርኳት። የምታዝንልኝ መስሎኝ... ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ኮስተር ብላ «አባቴ ሽማግሎችህን ስንት ጊዜ ነበር የመለሰው?» አለች። ሦስት። «ምን ብሎ?» ታውቀዋለች። ልጄን በጩኸት ሊያበላት ነው ወይ ብሎ ነበር።

«እንግዲያውስ ትሄዳለህ» አለችና ጋቢ ከሳጥን አወጣች።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ባቱ ደርሰን መጣን። በአይሱዙ ጋቢና ሦስት ሽማግሎች ተጣብበን... የልጅቷ አባት ኦቦ ምልኬሳ በር ድረስ ወጥተው «አካም ጅርቱ» ብለው ተቀበሉን። የሚጠጣ ቀረበ። ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀምስም አልን፣ እንደ ደንቡ።

የፈራሁት መጣ። «ሙዚቃ ከፋች ልጄን በምን ያኖራታል?» ሁለቱ ሽማግሎች ዞረው እኔን አዩ።

ልጁን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላናገርኩትም። በሆዴ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ...

«እኔ ሠላሳ ዓመት በጊታር ቤቴን አስተዳድሬአለሁ» አልኩ። «ልጁ ደግሞ የእኔን ቦታ ወስዷል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ አይወስደውም ነበር።»

ከአፌ ወጣ። ላብ በላብ ሆንኩ። መድረክ ላይ እንኳ እንዲህ አልቦኝ አያውቅም።

ኦቦ ምልኬሳ አፈጠጡብኝ። «ቆይ... ጆቴ? የባንዱ ጆቴ ነህ? እኔ እኮ የሞትክ መስሎኝ!» ለካ በወጣትነታቸው ከአቦምሳ ድረስ እየመጡ ያዩን ነበር።

«ታዲያ አሁን ለምን አትመጡም?» አልኩ፣ ሽምግልናዬን ረስቼ። ተቆጥቼም ነበር መሰለኝ።

«ማታ አይደል እንዴ የምትጫወቱት? እኔ የስኳር ክኒኔን ውጬ ሁለት ሰዓት ላይ እተኛለሁ። ባለቤቴ የልጅ ልጅ ትይዛለች። ቀን አድርጉትና ካልመጣን ታዘቡን!»

ልጃቸውንም ሰጡን። ያኔ ቀመስን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ቀን! ይሄን ሁሉ ጊዜ ከዱን እያልኩ ሳማቸው ኖሬ... ተኝተው ነው!

ሥራ አስኪያጁ አመነታ፣ ከዚያ በጥር ወር ለአንድ እሁድ ከሰዓት ግቢውን ፈቀደልን። መርጋ «ቀን ሮክ? የልጅ ልደት ነው እንዴ?» ብሎ አላገጠ። ሚኪያስ ደግሞ ደውሎ «ጋሼ፣ ስፒከሮቹን አመጣለሁ፣ ድምፁንም እኔ ልያዝልዎት» አለ። እሺ ለማለት ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ? ልጁ ግን አልዘጋም፣ ጠበቀኝ።

እሁድ፣ ጥር 18

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርን። በብርሃን። ድሮ ከመድረኩ ወዲያ ጨለማ ነበር፣ ማን እንደሚያዳምጠኝ አይቼ አላውቅም። ዛሬ መላጣው፣ ሽበቱ፣ መነጽሩ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ተሻለች ከፊት፣ ጫማዋን አውልቃ። ኦቦ ምልኬሳ ከነባለቤታቸው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው።

እንደ ድሮዬ እየዘለልኩ ሁለት ዘፈን ጨረስኩ። ጉልበቴ... ሰው አብሮኝ ይዘፍናል፣ አንድ ቃል የረሳ የለም። ግን ከወንበሩ ንቅንቅ የለም! ደሜ ፈላ። ተነሱ እንጂ ብዬ ልጮህባቸው ማይኩን ያዝኩ። አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘፍናሉ። ደስ ብሏቸዋል። እንዲህ ደስ ያለው ሰው ድሮም አይቼ አላውቅም።

«ሚኪያስ» አልኩ በማይኩ፣ «ለእኔም ወንበር አምጣልኝ።»