የአባባ ኪሎ

ቦንጋ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18

ሁለት ድንጋዮች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል። ባየኋቸው ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዛሬ አባባን ለቲቢው ክትትል ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ኪሎው ግን ፈቀቅ አላለም ነበር። ዛሬ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ነርሷ "ጎበዝ አባባ! ሁለት ኪሎ ጨምረዋል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው" አለችው። እኔማ ባጃጅ ውስጥ በደስታ አለቀስኩ።

ቤት ገብተን ካፖርቱን ስቀበለው ከበደኝ። በሁለቱም ኪሶቹ ድንጋይ! ዕድሜውን ሙሉ የማንኪራ ቡና ሲሸጥ ጆንያው ውስጥ አንዲት ጠጠር ጨምሮ የማያውቅ ሰው፣ በገዛ ሳንባው ሲያጭበረብር!

"ማንን ነው የምታታልለው? ኪሎህን ከዋሸሃቸው ሳንባህ መዳን አለመዳኑን በምን ይወቁ?" ብዬ ጮኽኩበት።

አንገቱን ደፍቶ "ሚዛኑ ላይ በወጣሁ ቁጥር ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። አሳዘንሽኝ" አለኝ።

ንዴቴ ግን አሁንም አልበረደልኝም። ነገ ጠዋት እንመለሳለን። ኪሱን ራሴ እፈትሻለሁ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን እኔ ውጭ ነው የምቆመው።