እጇን ስላወጣችው በረኛ

ይድረስ ለተከበሩት፣ የልጆች ስፖርት አሰልጣኞችን እንዲያሰለጥኑ ለተሾሙት ኃላፊ፤ ስሙን ነቀምት ሁሉ ለሚያውቀው፣ እኔ ግን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ጽሕፈት ቤት፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎስ ደኅና ነው? እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሸዋጌጥ ካረፈች ወዲህ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ከገበያ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ሰው ሳልደገፍ እወጣለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለየሁት ፊደል፣ ማንም ሳያርምልኝ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። «ሀ»ው ከ«ሐ»ው ተደባልቆ ቢያገኙት ይሳቁብኝ፤ ነገሩ ግን አልተደባለቀብኝም።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ይቀበሉ። የልጆች አሰልጣኝ ሁሉ የሥነ አእምሮ የመጀመሪያ እርዳታ ሳይሰለጥን ሜዳ አይገባም የሚለው መመሪያ ሲነበብ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩ እኔ ነኝ። ምክንያቴ የልጄ ልጅ ሊሊሴ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷን ጊዳ አያና ወረዳ ቀብራ ከእናቷ ጋር እኔ ቤት የገባች ልጅ ናት። እዚያ ያየችውን አልጽፈውም። የሞተር ብስክሌት ጭስ ማውጫ ሲተኩስ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ጎል ላይ ስትቆም ግን የሚያስደነግጣት ነገር የለም። የሰፈራችን ቡድን በረኛ ናት። እንግዲህ አሰልጣኟ ይህን የሚረዳበት ትምህርት ሊያገኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገው አታለሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ስልጠናው ርዝመት። አሰልጣኛቸው ነመራ እንዳጫወተኝ ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ ተለቋል፤ መሀሉ ላይ የሻይ ዕረፍትና ረጅም የመክፈቻ ንግግር ነበረበት፤ ንግግሩም የእርስዎ ነው ይባላል። ባጃጅ ለመንዳት እንኳ ከዚያ የበለጠ በሚያስተምሩበት ከተማ የልጅን አእምሮ ለመያዝ ግማሽ ጠዋት መብቃቱን ስላገኙልን እንኳን ደስ ያለዎት። ለሰልጣኞቹ ያደላችሁት ቲሸርት ግን ጥሩ ነው፤ ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።

ሁለተኛ፣ ነመራን «ችግር ያለባቸውን ልጆች ቁጥር እስከ ዓርብ አምጣ፣ አለዚያ ፈቃድህ አይታደስም» ስላላችሁት ነው። እንዴት እንደሚጠይቃቸው ግን አላስተማራችሁትም። ነመራ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ኳስ ያውቃል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ ወላጅ ዳር ቆሞ፣ የሌላ ሰፈር ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ፣ ልጆቹን አሰልፎ «እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ፣ የምትደነግጡ፣ አእምሯችሁ ላይ ችግር ያለ፣ እጃችሁን አውጡ! ቶሎ በሉ፣ ልምምድ አለን!» አላቸው።

አንድ እጅ ወጣ። የሲሬ ከተማ ልጆች የመቱትን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው እጅ ነው።

ለምን አወጣሽ ብላት «አካኮ፣ ጠየቀን እኮ!» አለችኝ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ እውነቱን ተናገሪ ያልኳት እኔው አያቷ ነኝ።

ሦስተኛ፣ የተመዘገበ ልጅ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት እስኪያመጣ አይጫወትም ማለታችሁ። ወረቀቱን ፍለጋ ሐኪም ዘንድ ይዣት ብሄድ፣ ሐኪሟ በትሕትና «አባባ፣ እኛ የምንጽፈው ለታመመ ነው፤ ለጤነኛ ምን ብለን እንጻፍለት?» አለችኝ። ወደ እናንተ ብመለስ ጸሐፊዎ ቀና እንኳ ሳይሉ «ያለ ወረቀት አይሆንም» አሉኝ። እነሆ ሊሊሴ ለእናንተ በሽተኛ፣ ለሐኪም ጤነኛ ሆና፣ ከመረቡ ኋላ ቁጭ ብላ የወጣ ኳስ ታቀብላለች።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይኼኛው ግን ቁጥር የሚገባለት አይደለም። ትምህርት ቤት ስም አወጡላት። ባለፈች ቁጥር «ሀርካ ካሲ! እጅሽን አውጪ!» እያሉ በሁለት ቋንቋ ይሰድቧታል፤ በዚህ እንኳ ልጆቻችን ተስማምተዋል። መምህሯ አስጠርተውኝ «ኦቦ ቂርቆስ፣ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም» አሉኝ። ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ እኔው ኳስ ወረወርኩላት፣ ከፍ አድርጌ። እጇ አልተነሣም። ኳሱ ፊቷን መታት።

የመጀመሪያ እርዳታ ማለት እኔ እስከማውቀው የሚደማውን ማሰር ነው። እናንተ ግን ቁስሏን ሰው ፊት ገለጣችሁ፣ ቆጠራችሁ፣ ሄዳችሁ። ሌሎቹም እንቅልፍ እንደሌላቸው እናቶቻቸው ነግረውኛል፤ ግማሾቹ ከእሷ ጋር በአንድ አይሱዙ ተጭነው የመጡ ናቸው። ዝም ያሉት ይጫወታሉ፤ እውነት የተናገረችው ተቀጣች። ትምህርቱን ሁሉም በደንብ ይዘውታልና ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ብትጠይቁ አንድ እጅ አታገኙም። ያን ጊዜ ሪፖርታችሁ ላይ «ችግር ያለበት ልጅ የለም» ተብሎ ይጻፍና ይጨበጨብላችኋል።

ስልጠናው ይቅር አላልኩም። በወጉ ይሁን ነው የምለው፤ አሰልጣኙ ልጅን ለብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ አጠገቧ ተቀምጦ መጠየቅ እስኪችል ድረስ ይሰልጥን። ሊሊሴ ያለ ወረቀት ወደ ጎሏ ትመለስ። እጇን ባወጣችበት ሜዳ፣ በዚያው ሰልፍ ፊት፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ይነገርላት። ነመራን አይላኩ፤ እርስዎ ይምጡ።

እስከዚያው ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ነመራ የፋሲካ ዕለት ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዙሬበታለሁ፤ ሰላምታውን እመልስለታለሁ። የሸዋጌጥን መቃብር አጥራለሁ ብዬ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ አጥረዋለሁ። ለሊሊሴ ደግሞ እውነት ተናገሪ ያልኩበት ዕዳ አለብኝ፤ እሱን በየቀኑ ኳሱን ዝቅ አድርጌ እየወረወርኩ፣ እጇ ከፍ እስኪል ወይም የእኔ እጅ እስኪዝል እከፍለዋለሁ። የእርስዎን ዕዳ ግን ልከፍልልዎ አልችልም።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእንቅልፍዎም ሰላም እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊትዎ የቆምኩት፣
ቂርቆስ ሀብተጊዮርጊስ
ከነቀምት

የተረሳች ነገር፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ሜዳው በር ላይ ተለጥፏል። እሑድ ልጆቻችን ከሲሬ ጋር ይጫወታሉ፤ እርስዎም የክብር እንግዳ ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ልጆቹን ቁጠሩ የሚለውን ትእዛዝ ያወጣ፣ እጁን ያውጣ። ቶሎ ይበሉ፣ ጨዋታ አለን።