የኩርሙክ ማኅተም ያለበት ፖስታ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጤናዬ፣

የቢሮውን በር ስከፍት የአባዬ ቴምብሮች በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይንሳፈፉ ነበር። ፖስታዎቹ ግን የሉም። ተላላኪዋ ደህና ሥራ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብላ "ቆሻሻውን አቃጠልነው" አለችኝ።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ማድረጌን ይቅር በይኝ፤ ይህ ካልወጣልኝ ሌላው አልወጣ ብሎኝ ነው። እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የወረኢሉ ብርድስ አልጠናብሽም? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱ በቀር።

ባለፈው በመንገደኛ የላክሁብሽ ቃል ነገሩን አላብራራውምና እህቴ ትህትና ቀስ ብላ ታንብብልሽ። አባዬ እዚህ አሶሳ በሰፈራ መንደሩ የሰውን ደብዳቤ ሲያነብና ሲጽፍ ዋጋው ባዶው ፖስታ እንደነበር አንቺው ታውቂያለሽ። "ይህን ወረቀት ከምትለቅም በቆሎውን አርም" ስትይው እየሳቀ ሣጥኑን ይዘጋ ነበር። አንቺ በሰማንያ ሦስት ወደ አገርሽ ስትመለሺ እሱ ከእኔና ከሣጥኑ ጋር ቀረ፤ ሲሞትም ለእኔ አወረሰኝ። ክልሉ ተቋቁሞ ቅርስ መዝጋቢ ሆኜ ስቀጠር፣ ለዐውደ ርእዩ ብዬ ሣጥኑን ለመሥሪያ ቤቱ አዋስኩ።

ሁለት ወር ሙሉ በአጉሊ መነጽር የቴምብሮቹን የጠርዝ ጥርስ ስቆጥር፣ የንጉሡን ዘመን ከደርጉ ስለይ ከረምኩ። አብዛኛው ተራ ነው። አንዱ ግን ግመል የተቀመጠ ፖስተኛ ያለበት የሱዳን ቴምብር ነበር፤ የኩርሙክ ፖስታ ቤት ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ አርፏል። የመንጌዋ ወርቅ አጣቢ እማማ ማሪያም፣ አባዬ ማመልከቻ ቢጽፍላት፣ ከአያቷ የቀረውን ይህን ፖስታ ሰጠችው።

ኃላፊያችን ገረሱ ፖስታዎቹን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። "አንቺ የሰፋሪ ልጅ፣ አዲስ ክልል በጭቃ ወረቀት አይመረቅም! ቴምብሩን አላቅቂና አልበም ላይ ለጥፊ" አለኝ። እንቢ አልኩ። ማኅተሙ ከተከፈለ ከየትና መቼ እንደተላከ ይጠፋል ብዬ አስረዳሁት። ለሥራ ካማሺ ደርሼ ስመለስ ነው ያን ሳፋ ያገኘሁት። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ፣ ቴምብርን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማላቀቅን ለቢሮው ሰዎች ያስተማርኳቸው እኔው መሆኔ ነው፤ ፖስታቸው ለተቀዳደደ ተራ ቴምብሮች ብዬ።

በሳምንቱ ቴምብር የሚገምቱ አንድ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ መጡ። የግመሉን ቴምብር በወረንጦ አንሥተው ጀርባውን አዩና "ልጄ፣ ይኼ ብቻውን የትም አለ። ፖስታው የታለ? ከነፖስታው ቢሆን አቻ ባላገኘሁለት ነበር" አሉኝ። ወደ ገረሱ ዞርኩ። እሱ ግን ዐይን ዐይኔን እያየ "እሷ ናት የዘፈዘፈችው" አለ። በማግስቱ "በቸልተኝነቴ ቅርስ አበላሽቻለሁ" የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ካልፈረምኩ ከሥራ እባረራለሁ።

መንጌ ድረስ ሄጄ ለእማማ ማሪያም ነገርኳት። በምትችለው አማርኛ "አባትሽ ለኔ ጻፈ፣ እኔ ለሱ ሰጠ። አንቺ ምን አጠፋ? ያቃጠለ ሰው ይምጣ!" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና ቃል አልሰማሁም። አቤቱታዬን የትም ባስገባው ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ገረሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፖስታውም አመድ ሆኗል፤ የሚመልሰው የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ደመወዜ ይቆማል መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምሆን አላውቅም።

አንቺ "ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ፤ ወረቀት ነው፣ ምን ያደርግሻል?" ብለሽ ልከሽብኛል። ለእኔ አስበሽ እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን እማዬ፣ ስፈርም ስርጉት ሞላ ብዬ ነው፤ አባዬንም አብሬ ማስፈረሜ ነው።

ለአጎቴ ለገሰ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። አክስቴን ውድነሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የወለደችውንም ሕፃን እግዜር ያሳድግላት። ትህትናዬ፣ ይህን ስታነቢ እንዳታለቅሺ፤ ትምህርትሽን ያዢ።

እንጀራዬን ከወሰዱት ይውሰዱት። የሰፋሪ ልጅ እየተባልኩ አንገቴን መድፋት ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል፤ ሌላ ሰው ባቃጠለው ላይም ስሜን አላኖርም።

ልጅሽ ስርጉት ሞላ
አሶሳ፣ የካቲት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.