ስለላክህልኝ ሁለት ብረቶች

ጎንደር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሳሊም፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

በአውቶቡስ የላክኸው ካርቶን ደርሶኛል። ስከፍተው ሁለት ልሙጥ የማይዝጉ ብረቶች፣ ማጠፊያዎቻቸው፣ ብሎኖቻቸው፣ ከሥር ደግሞ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «ህሩይ፣ ትሪም ታቦቹን አስመጥቻቸዋለሁ። ግጠማቸውና ለእኛ ዓይነት ትንሽ ጀልባ ይጠቅሙ እንደሆነ ንገረኝ። ያኔ እሺ ብትለኝ ኖሮ ያ ነገር ባልደረሰ» ይላል። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ስለ ታንኳ ቀዛፊው ስለ ሙሉሰው አንድ ቃል የለም። ጎርጎራን ትተህ ባሕር ዳር ከገባህ አሥራ አንድ ወር ሆነህ፤ በአሥራ አንድ ወር የጻፍኸው ይህንኑ ነው። ሰው ይቅርታ ይልካል፤ አንተ ብረት ላክህ።

ይሁን። ጥያቄ ጠይቀኸኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ምህንድስና ያስተማርሁ ሰው ነኝና ሞክሬ አይቼ ነው የምመልስልህ።

መጀመሪያ ግን ማን ምን እንዳለ እናስተካክል። ጀልባችንን ገዝተን ጎርጎራ ውሃ ላይ ያወረድናት ዕለት ጉድለቷን ነግሬሃለሁ። ሞተሩ ከኋላ፣ ቤንዚኑ ከኋላ፣ ትራስ ያለው አግዳሚ ወንበርም ከኋላ። ኋላዋ ሲከብድ አፍንጫዋ ይሰቀላል፤ መሪ የያዘው ሰውም ከፊቱ የሚያየው የገዛ ጀልባውን ብቻ ነው። አንተ ብረቶቹን እናስመጣ አልህ። ከኋላዋ ግርጌ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ፤ ዝቅ ሲደረጉ የሚሮጠው ውሃ ኋላዋን ወደ ላይ ይገፋል፣ አፍንጫዋ ይወርዳል። እኔ ደግሞ እንዲህ ላለች ጀልባ ጌጥ ነው፣ ሁለት ሰው ወደ ፊት ማዛወር ይበቃል አልሁ።

«ማንን ነው የማዛውር?» አልኸኝ።

«ከኋላ የተቀመጠውን።»

«ሐጂን? አማቴን ሐጂ አብዱልመናንን ‹ይነሱና ውሃ ከሚረጭበት ይቀመጡ› ልበላቸው? አንተ ሰውዬ፣ ያደግኸው ጎንደር ነው ወይስ መጽሐፍ ውስጥ?»

«እንግዲያው አፍንጫዋ ተሰቅሎ ይኖራላ።»

«ይኑር። ቆሜ እነዳለሁ።»

ተሳሳቅን። ሁለታችንም የረታን መስሎን ተለያየን። አንተ ሽማግሌ ማንሳት ነውር ነው ብለህ አላነሳህም፤ እኔም ብረቱን አልቀበልም ብዬ አልተቀበልሁም።

ያ ቀን ትዝ ይልሃል፤ ደግሞ የማይልህ ለመምሰል አትሞክር። መኪና መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ለቅሶ በጀልባ ልንደርስ ወጣን። ሐጂን ከኋላ በግራ አስቀመጥህ። አጎቴን መሪጌታ ሐብተ ማርያምን በቀኝ። እኔ ከፊት ልሄድ ስል ክንዴን ይዘህ «አንተም መምህር ነህ፣ ከታላላቆቹ ጋር ሁን» አልኸኝ፤ ከመካከላቸው ገባሁ። የፊቱ ወንበር ባዶውን ሄደ። ወገብህን አሞህ ስለነበር አንተም አልቆምህም፤ ተቀምጠህ ነዳህ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የደንገል ታንኳ ከአፍንጫችን ሥር ሲቀደድ ነው። ሙሉሰውን ከተሰነጠቀ ታንኳው ሥር ስናወጣው የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ግን የምጽፈው ለአንተ ብቻ አይደለም። ከወደቡ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጠይቁህ፣ «ከደንገሉ ውስጥ ድንገት ወጥቶ ገባብኝ» አልህ። ውሸት ነው። ደንገሉ ያለበትን ዳር ካለፍነው ቆይቶ ነበር፤ ሰውየው በገላጣ ውሃ ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አላየሁም» አልሁ። እውነት ነው፣ አላየሁም። ከኋላ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ገብቶ ማን ያያል? ግን አፍንጫዋ ተሰቅሎ እንደነበር፣ አንተም እንዳላየህ አውቅ ነበር። ስለዚያ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። በአገሬው ዘንድ የእኔ ቃል የተማረ ሰው ቃል ነው። ሙሉሰው የተፈረደበት በዚያ ቃል ነው።

ምን እንደተፈረደበት ታውቃለህ? አታውቅም፤ ሄደሃል። «ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀዝፍ» ብለው ስም አወጡለት። እግሩ እያነከሰም ቢሆን መቅዘፍ ይችላል፤ ግን ዕቃውን የሚያስጭነው፣ ልጁን የሚያሳፍረው ሰው የለም። ሚስቱ ባንቺአየሁ ሳይቀር፣ ወንድሙ እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ «ምነው እንደ ሰው ፊትህን አይተህ ብትሄድ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ብረቶቹን ገጠምኋቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የቀኙን ቀዳዳ አሳስቼ ደግሜ በስቻለሁ። ከዚያ ሙሉሰው ቤት ሄጄ ልሞክር ያሰብሁትን ነገርሁት። እሱም፣ «አያ ህሩይ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። እሱ ከተቀመጠበት ላይ ልቀመጥ» አለኝ።

ወሰድሁት። የሦስታችንን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ ሞልቼ ከኋላ ጫንሁ። ከወንድሙ የተዋስነውን ባዶ ታንኳ በገላጣው ውሃ ላይ በድንጋይ አሰርነው። ሙሉሰው በአንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነዳሁ። ብረቶቹን ሽቅብ ሰቅዬ ያን ቀን በሄድንበት ፍጥነት ሄድን። ታንኳው ገና ከመቶ እርምጃ በላይ ሲቀረን ከአፍንጫዋ ጀርባ ጠፋበት።

«የት ሄደ?» አለኝ።

«እዚያው ነው።»

«አይታይም እኮ።»

«ተቀምጠህ አይታይም» አልሁትና ሞተሩን አበረድሁ።

ብድግ ብሎ ታንኳውን አየና፣ «እንግዲያው እኔ አልተኛሁም ነበር። ድንገትም አልገባሁም» አለ። ፊቱን በነጠላው ጠረገ። «ሰዉ ሲለኝ ሲለኝ እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ቀን ቀን እቀመጥና፣ ተኝቼ ይሆን እንዴ እላለሁ።»

ከዚያ ብረቶቹን ዝቅ አድርጌ ደግመን ሄድን። አፍንጫዋ ወረደ፤ ታንኳው እስከ መጨረሻው ከፊታችን አልጠፋም። ሙሉሰው ዞር ብሎ የኋላዋን ግርጌ አየ። «ይህ ሁሉ ይችን ለምታህል ብረት ነው?» አለኝ።

ስለዚህ መልስህ ይኸው፦ ይጠቅማሉ። ጌጥ ነው ያልሁት ስህተት ነው። ጀልባዋ ቶሎ ውሃው ላይ ትወጣለች፣ ቤንዚን ትቀንሳለች፣ ሐጂ በተቀመጡበት በኩል ማዘንበሏንም የአንዱን ጎን ብረት ብቻ ዝቅ በማድረግ ማቃናት ይቻላል። ከኋላ የሚገፋ ማዕበል ሲኖር ግን ሽቅብ መሰቀል አለባቸው፤ አለዚያ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይሰካና መሪው ከእጅህ ያመልጣል። ይህንንም እወቅ፦ ብረቶቹን ሰቅዬ ሁለት ጆንያ ወደ ፊት ሳዛውር ታንኳው እንዲሁ ታየ። ወይ የአንተ ብረት ወይ የእኔ ምክር ይበቃ ነበር፤ አንዱንም አላደረግንም። «እሺ ብትለኝ ኖሮ» የምትለውን ድርሻዬን ወስጃለሁ። እንደማታይ እያወቅህ የነዳኸውን፣ ከዚያም የዋሸኸውን ግን ካርቶን ውስጥ ከትተህ ልትልክልኝ አትችልም።

ሐጂ ዘንድም ሄጃለሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። እስክጨርስ አዳምጠው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ምነው ልጄ፣ ያን ጊዜ ተነሱ ባትሉኝ? ያ የቤንዚን ሽታ እኮ አስመርሮኝ ነበር። ከፊት ነፋስ ባገኘሁ እያልሁ፣ ሳሊም አክብሮ ያስቀመጠኝን ብነሳ ይከፋዋል ብዬ ታገሥሁ።»

ሰማህ? ሦስት ሰዎች ተከባብረን የአራተኛውን እግር ሰበርን።

ቅዳሜ ግንቦት 9 ሽማግሌዎቹ ደግመው ይቀመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ በሙሉሰው መንደር፣ የሰደቡት ሰዎች ባሉበት። የእኔን ቃል አስቀድሜ ለሽማግሌዎቹ ሰጥቻለሁ፤ በሕዝቡ ፊት እደግመዋለሁ። «አላየሁትም ነበር» የሚለውን ግን እኔ ልልልህ አልችልም። ከአንተ አፍ ካልወጣ ግማሹ አገር መምህሩና ነጋዴው ተጣሉ ብሎ ያልፈዋል፤ ሙሉሰውም ስሙን ተሸክሞ ይኖራል።

ጠዋት በሁለት ሰዓት በጀልባችን ከጎርጎራ ወደዚያ እንነሳለን። ሐጂ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ውሃው ይረጨኛል። ሙሉሰው እዚያው ጎርጎራ ወደብ ይመጣል፤ ከጎንህ ሊቀመጥ ፈቅዷል፣ ለምኜው አይደለም። መሪውን አንተ ትይዛለህ። ብረቶቹን ዝቅ አድርጌ ስለማቆያቸው፣ በዚህ ጊዜ ከፊትህ ያለውን ሁሉ ታያለህ።

ህሩይ