ሙቀቱ ሲበዛ ንገሪኝ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይይሽ። ለእኔ አታስቢ፣ ደህና ነኝ። መጋረጃ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጥቼ ወድቄ ትከሻዬን ትንሽ ተጎዳሁ እንጂ። መርፌ መጨበጥ አቅቶኝ፣ የደንበኛ ልብስ ተቆልሎ ሳይ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። አባትሽ «አንድ ቦታ እረፊ!» ይለኛል። እንዴት ብዬ?

አሁን በሬዲዮ ሞገድ እያሞቁ ሕመም የሚያስታግሱበት ክሊኒክ ይወስደኛል። የምታክመኝ ልጅ ቅባት ቀብታኝ፣ የማሽኑን ጫፍ ትከሻዬ ላይ እያዞረች «እማማ፣ ሙቀቱ ሲበዛ ይንገሩኝ» አለችኝ። ምን ላስቸግራት ብዬ፣ እየለበለበኝ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እላለሁ። ኋላ ቆዳዬ ፍም መስሎ ስታየው ክው አለች። «ማሽኑ የእርስዎን ሕመም በምን ያውቃል? ካልነገሩኝ እኔስ በምን አውቃለሁ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ አላስችል ብሎኛል። አንቺም በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነኝ እማ» ብለሽ ቶሎ ትዘጊዋለሽ። ከማን እንደወረስሽው አሁን ገባኝ።

ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። እባክሽ ልጄ፣ ሲያቃጥልሽ ንገሪኝ። እኔ ልጀምርልሽ፤ ከላይ «ደህና ነኝ» ያልኩሽን ሰርዢው። ያመኛል፤ ደግሞም ናፍቀሽኛል።

እናትሽ